መፍቻ፣ መያዣና ማውጫ፦ እጅ ሠራሽ የሞተር ብስክሌት መጠገኛ መሣሪያዎችና ስያሜያቸው

1. መነሻ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሥራ መሣሪያን ስም ግን የሚያወጣው ሠሪው ነው። አንድ መሣሪያ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በሣጥን ታሽጎ፣ ከነመመሪያው ወደ አገር በሚገባበት ጊዜ ስሙን ይዞ ይመጣል፤ ከተርጓሚው የሚጠበቀውም ያንን ስም ወደ አማርኛ መመለስ ወይም እንዳለ መቀበል ነው። በስያሜ ሥራ በብዛት የተደከመበት መንገድ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በየጋራዡ ከቁርጥራጭ ብረት ተበይደው የሚወጡ፣ ስማቸውም በሠራተኛው አፍ ላይ ብቻ የሚኖር ሌሎች መሣሪያዎች አሉ። እነዚህ ከውጭ የተላከ ስም ስለሌላቸው፣ ከውጭ ቋንቋ ተነሥቶ በሚዘጋጅ የሙያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቦታ አያገኙም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ለሞተር ብስክሌት ጥገና በእጅ የሚሠሩ መሣሪያዎችን ነው። ርእሱን የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሞተር ብስክሌት መኪና በማይዘልቅበት የገጠር መንገድ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች የሚገለገሉበት መጓጓዣ በመሆኑ፣ ጥገናው ከከተማ ጋራዥ ርቆ፣ ባለው ዕቃ ብቻ መከናወን ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ መሣሪያዎቹ ጥቂትና ቀላል ስለ ሆኑ፣ አማርኛ ለመሣሪያ ስም የሚሰጥበት ሥርዓት በእነርሱ ላይ በግልጽ ይታያል። ሦስተኛ፣ የጥገና መመሪያ የሚተረጉም ሰው በዚህ ክፍል አንድ ግስ ቢስት ጉዳቱ በጽሑፉ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ሞተሩንም ይሰብራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የተሽከርካሪው ስም ራሱ ትኩረት ይሻል። በጽሕፈት «ሞተር ብስክሌት»፣ በንግግር «ሞተር ሳይክል» ወይም በአጭሩ «ሞተር» ይባላል። ሕዝቡ ግን ከድምፁ ተነሥቶ «ዶቅዶቄ» ብሎታል። ይህ ስም ከማንም ያልተዋሰ፣ በአማርኛ የድምፅ አስመሳይ ቃላት ሥርዓት የተደገመና «-ኤ» የሚል ቅጥያ የተጨመረበት የተሟላ ስያሜ ነው። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ዶቅዶቄ ብሎ የሚጽፍ ሰው ባይኖርም፣ ቃሉ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ይኸውም ተናጋሪው ለአዲስ ነገር ስም ለማውጣት የማንንም ፈቃድ እንደማይጠብቅ ነው።

2. መሣሪያዎቹና ሥራቸው

የሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች ለተራ ሥራ ከሚያገለግሉት መፍቻዎች ሌላ፣ ለአንድ ዓይነት ሞተር ብቻ የሚሆኑ ልዩ መሣሪያዎችን ይሠራሉ። በጥገና መመሪያው ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ገዝቶ የሚይዘው ግን ወኪሉ ወይም ትልቁ ጋራዥ ብቻ ነው። አነስተኛው ሠራተኛ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገውን መሣሪያ ከወዳደቀ ዕቃ ያበጃል። ከመኪና ባሌስትራ፣ ከፌሮ፣ ከውሃ ቧንቧ፣ ከላሜራና ከአሮጌ ብሎን የሚሠራው ሁሉ ከዚህ ይመደባል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚታየው አሮጌ ብረትን መልሶ ለአገልግሎት የማዋል ሙያ የዚሁ ብልሃት ሰፊ ምሳሌ ነው። ሥራቸውን ስንመለከት መሣሪያዎቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

ሀ) የሚይዙ። አንድን ዳዶ ለመፍታት ዳዶው የተጣበቀበት ክፍል መዞር የለበትም። ለምሳሌ በዘይት ውስጥ የሚሠራው የሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን ተደራርበው የሚቀመጡ ሁለት ዓይነት ዝርግ ክብ ዲስኮች አሉት። የለስላሳዎቹ ብረቶች ጥርስ ወደ ውስጥ ሆኖ ከመካከለኛው ክፍል ጋር ሲገጥም፣ ሸካራ ልባስ ያላቸው ደግሞ ጥርሳቸው ወደ ውጭ ሆኖ ከውጭኛው ከበሮ ጋር ይገጥማል። የመካከሉን ዳዶ ለመፍታት የፈለገ ሠራተኛ አንድ ያረጀ ለስላሳ ዲስክ ወስዶ ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ብረት ይበይድበታል። ዲስኩ በመካከለኛው ክፍል ጥርሶች ላይ ሲገባ፣ በብረቱ እጀታ አማካይነት ክፍሉ እንዳይዞር ይያዛል። የተጣለው ዲስክ ለዚያው ዓይነት ሞተር የተሠራ ስለ ሆነ፣ ልኩ ከፋብሪካው መሣሪያ አይተናነስም።

ለ) የሚያወጡ። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው ቮላኖ በሞተሩ ዘንግ ሾጣጣ ጫፍ ላይ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ፣ ዳዶው ከተፈታ በኋላ እንኳ በእጅ አይወጣም። የፋብሪካው መሣሪያ በቮላኖው አንገት ላይ ባለው ጥርስ የሚገባ ቀለበትና በመካከሉ የሚያልፍ ብሎን ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የዘንጉን ጫፍ ይገፋል፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ሊሄድ ስለማይችል ቮላኖው ወደ ፊት ይመጣል። እጅ ሠራሹ መሣሪያ ልኩ የተስማማ ትልቅ ብሎን ወይም በቶርኖ የተቀረጸ ቁራጭ ብረት ነው። በአንዳንድ ሞተር ብስክሌቶች የኋላ ጎማው ዘንግ ጥርስ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ስለሚገጥም፣ ዘንጉ ራሱ ተነቅሎ ለዚሁ ሥራ ይውላል።

ሐ) የሚለኩና የሚያስተካክሉ። በትንንሽ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች የቫልቭ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ማስተካከያው ቡሎን በብዙዎቹ አራት ማዕዘን ራስ ስላለው፣ ሠራተኛው ከትንሽ ብረት ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ በሞረድ አውጥቶ መያዣ ያበጅለታል። የኤሌክትሪክ መሥመርን ለመፈተሽ ደግሞ የ12 ቮልት አምፖልና ሁለት ሽቦ ይበቃል። የፊት ሹካውን የዘይት ማገጃ ጎማ ሳያጣምሙ ወደ ቦታው ለማስገባት፣ ውስጡ ከሹካው ዘንግ ጥቂት የሚሰፋ የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ ያገለግላል። ለመሪው ክብ ዳዶ ደግሞ የብረት ቧንቧ ጫፍ ተቆርጦ አራት ጥርስ እንዲቀርለት ይደረጋል።

3. «እጅ ሠራሽ» ስለሚለው ቃል

ለነዚህ መሣሪያዎች የወል መጠሪያ ስንፈልግ የመጀመሪያው ችግር ይገጥመናል። ተርጓሚዎች «በቤት ውስጥ የተሠራ» ሲሉ ይታያል። ይህ አነጋገር ለጠላና ለዳቦ ቢስማማ ለመሣሪያ አይስማማም፤ ምክንያቱም አማርኛ «የቤት» የሚለውን ቃል ከቤት ዕቃና ከቤት አያያዝ ጋር ያያይዘዋል፤ መሣሪያው ደግሞ የሚሠራው በቤት ሳይሆን በጋራዥ ወይም በበያጅ ሱቅ ነው። «ሰው ሠራሽ» የሚለውም አይሆንም፤ ይህ ከተፈጥሮ ለሚለይ ነገር የተያዘ ቃል ነው፤ የፋብሪካውም መሣሪያ ቢሆን ሰው የሠራው ነውና። «አገር በቀል» ደግሞ የመገኛን ቦታ እንጂ የአሠራርን ዓይነት አያመለክትም።

ስለዚህ «ሰው ሠራሽ» በተመሠረተበት ሥርዓት «እጅ ሠራሽ» የሚለውን ሐረግ እንመርጣለን፤ ተቃራኒውም «ፋብሪካ ሠራሽ» ይሆናል። ሐረጉ አጭር ነው፤ ሠሪውን ያስታውሳል፤ በቅጽልነትም ሆነ በስምነት ይገባል። በተጨማሪም መሣሪያውን ዝቅ አያደርግም። «ጊዜያዊ»፣ «ምትክ» ወይም «የጨረታ» የመሳሰሉት ቃላት መሣሪያው ከዋናው ያነሰ እንደ ሆነ አስቀድመው ይፈርዳሉ። ከላይ እንዳየነው ከአሮጌ ዲስክ የተሠራ የፍሪሲዮን መያዣ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። የስያሜ ባለሙያ ተግባር ዕቃውን መግለጽ ነው፤ ለመፍረድ ሥልጣን የለውም።

4. የመሣሪያ ስም በአማርኛ እንዴት ይመሠረታል

አማርኛ ለመሣሪያ ስም የራሱ የታወቀ ቅርጽ አለው። በግሱ መነሻ «መ-» ወይም «ማ-»፣ በመድረሻው ደግሞ «-ኢያ» ወይም «-ኣ» ይጨመራል። የግሱ የመጨረሻ ተነባቢ በምላስ ጫፍ የሚነገር ሲሆን በመድረሻው ተጽዕኖ ወደ ላንቃ ይሳባል። በዚህም መሠረት ት ወደ ች (ፈታ፦ መፍቻ)፣ ድ ወደ ጅ (በየደ፦ መበየጃ)፣ ጥ ወደ ጭ (አወጣ፦ ማውጫ)፣ ዝ ወደ ዥ (ያዘ፦ መያዣ)፣ ስ ወደ ሽ (ቀነሰ፦ መቀነሻ)፣ ን ወደ ኝ (ሸፈነ፦ መሸፈኛ)፣ ል ወደ ይ (ነቀለ፦ መንቀያ) ይለወጣል። ሌሎቹ ተነባቢዎች ሳይለወጡ «-ኢያ»ን ይቀበላሉ፤ ለካ፦ መለኪያ፣ ገፋ፦ መግፊያ፣ አጠበቀ፦ ማጥበቂያ ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

ሥርዓቱ ሕያው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሠራተኛ አዲስ መሣሪያ ቢሠራ፣ ከሥራው ግስ ተነሥቶ ስሙን ወዲያው ያወጣል፤ ሰሚውም ሳይጠይቅ ይረዳዋል። ይህን የመሰለ ፍሬያማ ሥርዓት እያለ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ከግእዝ አዲስ ቃል መፍጠር አስፈላጊ አይመስለንም። ግእዝ ረቂቅ ሐሳብን ለመግለጽ ሀብታም ምንጭ መሆኑ አይካድም፤ እጁ ዘይት በነካው ሠራተኛ ዘንድ ግን የሚያገለግለው በቶሎ የሚያዝና በቶሎ የሚታወስ ቃል ነው።

ይሁንና ሥርዓቱ ሁለት ጥንቃቄ ይሻል። የመጀመሪያው ቅርጹ መሣሪያን ብቻ ሳይሆን ቦታንና ጊዜንም የሚያመለክት መሆኑ ነው። «መውጫ» በር ነው፤ «ማውጫ» ግን የሚያወጣው ዕቃ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የመጀመሪያው ፊደል ግእዝ ወይም ራብዕ መሆኑ ብቻ ነው፤ ይህ ልዩነት በእጅ ጽሕፈትም ሆነ በኅትመት በቀላሉ ይሳታል። እንደዚሁም ማጥበቂያው የሚያጠብቀው መሣሪያ ሲሆን፣ «መጥበቂያ» ቢባል ራሱ የሚጠብቅበት ቦታ ወይም መጠን ይመስላል። ስለዚህ አራሚ የሙያ ጽሑፍን በሚያይበት ጊዜ ከመነሻው ፊደል ይጀምር።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የአንድ ቃል ብዙ ትርጉም መያዝ ነው። በዚህ ረገድ በርእሳችን የጠቀስናቸው ሦስት ቃላት በጋራዥ ብቻ ሳይሆን በኛም ሙያ የሚሠራባቸው መሆናቸው ይታወቃል። «መፍቻ» ብሎን ይፈታል፤ በመጽሐፍ መጨረሻ ደግሞ ቃላትን ይፈታል። «ማውጫ» ኩሽኔታ ያወጣል፤ በመጽሐፍ መጀመሪያ ደግሞ ርእሶችን ያወጣል። «መያዣ» ዕቃን ይይዛል፤ በውል ሰነድም ዋስትና ይሆናል። ሌላው ቀርቶ በሰዋስው ፊደል «ይጠብቃል» ወይም «ይላላል» የምንለው ዳዶ ከሚጠብቅበትና ከሚላላበት ግስ ጋር አንድ ነው። ይህ የቋንቋው ድኽነት አይደለም፤ አንድ ግስ በብዙ ሙያ ውስጥ ገብቶ መሥራቱን ያመለክታል። ችግር የሚሆነው መዝገበ ቃላቱ አንዱን ትርጉም ጽፎ ሌላውን ሲተወው ነው።

5. የጣልያንኛ ውሰትና የጥንቱ ቃል

የጋራዥ አማርኛ በጣልያንኛ ውሰት የተሞላ መሆኑ የታወቀ ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ እያሉ መዘርዘር ይቻላል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን የተሠሩት መንገዶችና በዚያው የገቡት ተሽከርካሪዎች ለውሰቱ መስፋፋት ትልቅ ምክንያት ናቸው። እነዚህ ቃላት ዛሬ የአማርኛን የድምፅና የእርባታ ሥርዓት ተቀብለው ይኖራሉ፤ ብሎኖች፣ ብሎኑ፣ ባለ ብሎን እየተባለ ይነገራል። ካቻቢቴ በመነሻው ቋንቋ የሁለት ቃላት ጥምር ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ሊከፈል የማይችል አንድ ቃል ሆኗል።

አከፋፈሉን በጥሞና ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይገለጣል። ከጣልያንኛ የተወሰደው በብዛት የክፍሉ ስም ሲሆን፣ የመሣሪያው ስም ግን በብዙ ቦታ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። «የብሎን መፍቻ»፣ «የኩሽኔታ ማውጫ»፣ «የቸርኬ ማስተካከያ» ሲባል የመጀመሪያው ቃል የተዋሰ፣ ሁለተኛው የአገር ነው። ካቻቢቴና ፒንሳን የመሰሉት ተዘጋጅተው የመጡ መሣሪያዎች ናቸው፤ እጅ ሠራሾቹ ግን ተሠርተው የተሰየሙት እዚሁ በመሆኑ ስማቸው የአማርኛ ግስ ነው። በኛ አስተያየት የሙያ ስያሜ ሊከተለው የሚገባው አብነት ይኸው ነው፤ የታወቀውን የክፍል ስም መቀበል፣ የሥራውን ስም ግን ከአማርኛ ግስ ማውጣት።

የጥንቱ አንጥረኛና አናጢ ቃላትም መረሳት የለባቸውም። ጉጠት፣ መሮ፣ ሞረድ፣ መዶሻና ሽብልቅ ከሞተር በፊት የነበሩ ናቸው። የሞተሩን ዘንግ ለማቆም ሠራተኛው በሁለት ማርሽ ጥርሶች መካከል የሚያስገባው ለስላሳ የመዳብ ቁራጭ፣ እንጨት ሰንጣቂው ከሚጠቀምበት ሽብልቅ ጋር ሥራው ባይመሳሰልም አቀማመጡ አንድ ነው። ስለዚህ «የማርሽ ሽብልቅ» ብንለው ማንም ይረዳዋል። ፒንሳ ጉጠትን ከጋራዥ ቢያስወጣውም፣ ጋለ ብረት በሚያዝበት ቦታ ጉጠት አሁንም ባለቤት ነው።

6. ስም ሲሳሳት የሚደርሰው ጉዳት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቃላት ውበት ቢመስል፣ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው አራት ነጥቦች ነገሩ ከዚህ የጠለቀ መሆኑን ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው የግስ ምርጫ ነው። የቮላኖን ማውጫ አንዳንዱ «መጎተቻ»፣ አንዳንዱ «መንቀያ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። መጎተቻ ሲባል በአማርኛ የሚታሰበው ገመድ ነው፤ መንቀያ ሲባል ደግሞ ሚስማርና ጥርስ። «ቮላኖውን በመንቀያ ንቀል» የሚል መመሪያ ያነበበ ሠራተኛ ጠርዙን በብረት ቢፈለቅቀው ወይም ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ቢያስነክሰው አይፈረድበትም። ውጤቱ የቮላኖው መጣመም ወይም የማግኔቶቹ መላቀቅ ነው። በመዶሻ የዘንጉን ጫፍ ቢመታ ደግሞ ጥርሱ ይደፈጠጣል፤ ዘንጉም ሊጣመም ይችላል። ከዚህ የምናገኘው መርህ፣ ስሙ ከመሣሪያው እንቅስቃሴ ሳይሆን በክፍሉ ላይ ከሚደርሰው ነገር ይነሣ የሚል ነው። መሣሪያው ይገፋል፤ ክፍሉ ግን ይወጣል። ስለዚህ ማውጫ ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። በተለመደው ጥርስ ወደ ቀኝ ማዞር ማጥበቅ፣ ወደ ግራ ማዞር መፍታት ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ግን የቮላኖው ማውጫ የሚገባበት ጥርስ የግራ ጥርስ ነው። የመነሻው ጽሑፍ «ወደ ግራ አዙር» ሲል፣ ተርጓሚው ለአነጋገር ምቾት «ፍታ» ብሎ ቢመልሰው፣ ትእዛዙ ተገለበጠ ማለት ነው፤ በግራ ጥርስ ወደ ግራ ማዞር ማጥበቅ ነውና። ጥርሱ ከተላጠ ደግሞ ቮላኖውን የሚያወጣው መንገድ ተዘጋ። አቅጣጫን በአቅጣጫ፣ ውጤትን በውጤት መተርጎም ግዴታ ነው።

ሦስተኛው የትርጉም መጥበብ ነው። ካቴና በጣልያንኛ ማንኛውም ሰንሰለት ነው። በብስክሌትና በሞተር ብስክሌት ሠራተኞች ዘንድ ይህ ትርጉም ሲኖር፣ በሰፊው አማርኛ ግን ካቴና የእስረኛ እጅ የሚታሰርበት ብረት ሆኗል። የሰንሰለትን ፒን ገፍቶ የሚያስወጣውን፣ ከዳዶና ከብሎን የሚበየደውን መሣሪያ «የካቴና መፍቻ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ፣ ከሙያው ውጭ ላለ አንባቢ የጽሑፉን ቦታ ከጋራዥ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ያዛውረዋል። በመመሪያ ጽሑፍ «ሰንሰለት» ማለቱ ይሻላል፤ መዝገበ ቃላቱ ግን «ካቴና»ንም ከሁለቱ ትርጉሞቹ ጋር መመዝገብ አለበት።

አራተኛው ልክ ነው። ዳዶ በምን ያህል መጠን እንዲጠብቅ መመሪያው በቁጥር ይወስናል። የሚለካ መፍቻ የሌለው ሠራተኛ ተራ መፍቻና የመንጠቆ ሚዛን በመጠቀም ልኩን ያገኛል። ከዳዶው መካከል እስከ ሚዛኑ መንጠቆ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሚዛኑም በመፍቻው ላይ ቀጥ ብሎ ሲሳብ 10 ኪሎ ቢያሳይ፣ ዳዶው በ2.5 ኪሎ ግራም ሜትር፣ ማለትም በ24.5 ኒውተን ሜትር ያህል ጠብቋል ማለት ነው። ይህን መጠን በአማርኛ ምን እንበለው? «ኃይል» ወይም «ጉልበት» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ሁለቱ ቃላት በዕለት ንግግር እርስ በርሳቸው ይወራረሳሉ፤ ርዝመቱንም አያስታውሱም። «ጠምዛዥ ጉልበት» ቢባል የመዞሩን ሐሳብ ይይዛል። ሠራተኛው ቁጥሩ ከርዝመት ጋር የተያያዘ መሆኑን ካልተረዳ፣ መፍቻውን በቧንቧ አስረዝሞ በዚያው ሚዛን ቢስብ ብሎኑን ይቆርጠዋል።

እነዚህን አራት ነጥቦች ያነሣነው ሠራተኛው በመመሪያው ላይ እምነት እንዲኖረው በመሻት ነው። አንድ ጊዜ በተሳሳተ ቃል ሞተር የሰበረ ሰው ሁለተኛ የአማርኛ መመሪያ አይከፍትም፤ ወደ ልምዱ ይመለሳል። ያን ጊዜ የቆመው የክትባት ማድረሻ ሞተር ብስክሌት ብቻ አይደለም፤ አማርኛ የሙያ ቋንቋ ይሁን የሚለውም ጥረት አብሮ ይቆማል።

7. የቀረቡ ስያሜዎችና መፍቻቸው

ከዚህ በታች ያሉት ስያሜዎች በላይ በገለጽነው መርህ የተመረጡ ናቸው። አፈታታቸው ሦስት ነገር እንዲይዝ አድርገናል፤ ሥራውን፣ የሚሠራበትን ዕቃ፣ እንዲሁም ጥንቃቄውን።

የፍሪሲዮን መያዣ (ስም)፦ የፍሪሲዮን መካከለኛ ክፍል ዳዶው ሲፈታ ወይም ሲጠብቅ እንዳይዞር የሚይዝ መሣሪያ። እጅ ሠራሹ በአሮጌ ለስላሳ ዲስክ ላይ ጠፍጣፋ ብረት በመበየድ ይዘጋጃል። ዲስኩ ከዚያው ዓይነት ሞተር የተወሰደ ይሁን።

የቮላኖ ማውጫ (ስም)፦ በሾጣጣ ዘንግ ላይ የተጨመቀን ቮላኖ በብሎን ግፊት የሚያወጣ መሣሪያ። ከተስማሚ ብሎን ወይም በቶርኖ ከተቀረጸ ብረት ይሠራል። የጥርሱ አቅጣጫ፣ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑ፣ አስቀድሞ ይታይ።

የሰንሰለት ፒን መግፊያ (ስም)፦ የሰንሰለትን ዓይን ለመለየት ፒኑን ገፍቶ የሚያስወጣ መሣሪያ። በወፍራም ብረት ላይ ዳዶ ተበይዶ፣ ጫፉ በሞረድ የቀጠነ ብሎን ይገባበታል። በሙያው ንግግር «የካቴና መፍቻ»ም ይባላል።

የቫልቭ ማስተካከያ (ስም)፦ የቫልቭን ክፍተት የሚወስነውን ባለ አራት ማዕዘን ራስ ቡሎን የሚያዞር አነስተኛ መሣሪያ። «ማስተካከያ» እንጂ «ማጥበቂያ» አይባልም፤ ሥራው ማጥበቅም ማላላትም ነውና።

ባለ ጥርስ መፍቻ (ስም)፦ የመሪን ክብ ዳዶ የሚፈታ፣ ጫፉ ተቆርጦ ጥርስ የወጣለት የብረት ቧንቧ። በመሮና በመዶሻ ዳዶውን ከመምታት ያድናል።

የዘይት ማገጃ ማስገቢያ (ስም)፦ የፊት ሹካን የዘይት ማገጃ ጎማ ቀጥ አድርጎ ወደ ቦታው የሚያስገባ ቧንቧ። ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ይቆረጣል፤ ጠርዙ ይለሰልስ።

የጎማ ማውለቂያ (ስም)፦ ጎማን ከቸርኬ ላይ የሚያወልቅ ጫፈ ዝርግ ብረት። ከባሌስትራ ሲሠራ ከመነዳሪውን እንዳይበሳ ጫፉ በሞረድ ይደፈናል። «የጎማ መፍቻ» የሚለው የጎማውን ዳዶ ለሚፈታው መሣሪያ ይተው።

የማርሽ ሽብልቅ (ስም)፦ ማርሾች እንዳይዞሩ በጥርሶቻቸው መካከል የሚገባ የመዳብ ወይም ሌላ ለስላሳ ብረት ቁራጭ። ከማርሹ የጠነከረ ብረት አይሁን።

መፈተሻ አምፖል (ስም)፦ በሁለት ሽቦ ተያይዞ የኤሌክትሪክ መሥመር መኖሩን የሚያመለክት አምፖል። ቮልቱ ከባትሪው ጋር እኩል ይሁን።

8. መደምደሚያ

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ረጅም ድካም ያለበት ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የ1948፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል የ1951፣ የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. ሥራዎች የቤተ ክህነቱን፣ የቤተ መንግሥቱንና የገበሬውን ቃል አቆይተውልናል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ደግሞ ለዘመናዊ ትምህርት ቃላት በር ከፍቷል። በነዚህ ሁለት ወገኖች መካከል የቀረው የበያጁ፣ የጎሚስታውና የሞተር ሠራተኛው ቃል ነው። ይህ ቃል በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ከመጽሐፍ ሊሰበሰብ አይችልም። ሰብሳቢው መሣሪያውን አይቶ፣ ሲሠራበት ተመልክቶ፣ ስሙን ከሠሪው አፍ መቀበል ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ ሦስት ነገር እንጠቁማለን። አንደኛ፣ የሙያ ቃላት የሚሰበስብ ሰው ከእያንዳንዱ ስም ጋር የመሣሪያውን ሥዕልና የተሠራበትን ዕቃ ይመዝግብ፤ ያለ ሥዕል መፍቻን ከማላሊያ መለየት አይቻልምና። ሁለተኛ፣ ተርጓሚ ለመሣሪያ ስም አዲስ ቃል ከመፍጠሩ በፊት፣ ክፍሉ ምን እንደሚደረግ ጠይቆ ግሱን ይፈልግ፤ ግሱ ከተገኘ ስሙ ተገኘ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንደ መፍቻ፣ መያዣና ማውጫ ያሉትን ቃላት ከግሱ ሥር እንደ ተራ ዝርያ ሳያልፋቸው፣ የየሙያውን ትርጉም በቁጥር ለይቶ ያስፍር።

እጅ ሠራሽ መሣሪያ ሠሪው እጁን ሲያቆም ከነስሙ ይጠፋል። ፋብሪካ የሠራው ቢጠፋ በሥዕሉና በቁጥሩ ይገኛል፤ የበያጁ ሥራ ግን መዝገብ የለውም። ብረቱን ዝገት እንዳይበላው ማድረግ የኛ ድርሻ አይደለም፤ ስሙን መዝግቦ ማቆየት ግን ሥራችን ነው።